ለውበት የተከልኩት ሳር እና የዘሀራ በሬ

አሰላሙ ዐለይኩም። ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፤ ዛሬ የሆንኩት ነገር ቆሞ የሚሰማ አይደለም።

ዛሬ ሽማግሌ ፊት ዋሸሁ።

እኔ! የሰፈሩን ልጆች «ውሸት ቀልብ ያጠቁራል» እያልኩ የምገሥጽ ሴት!

ያውም ልጄን ሊጠይቁ ለመጡ ሽማግሌ።

ያውም በበሬ!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሳሬን ታውቁታላችሁ። ፎቶውን ፖስት ሳደርግ «ማሻ አላህ፣ ሪዞርት ከፈትሽ እንዴ?» ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ የጥፋቱ ግማሽ የእናንተ ነው!

ለማታውቁት፦ ከሁለት ዓመት በፊት እህቴን ልጠይቅ አዳማ ሄጄ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ አየሁት። ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጫፉ ላይ ነጭ ላባ የመሰለ ነገር አለው። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ጎንበስ ይላል፣ አንድ ላይ ቀና ይላል። ሶላት የቆመ ሰው መሰለኝ። ቆሜ ቀረሁ።

አትክልተኛውን ለመንኩት። ከሥሩ ቆርሶ በፌስታል ሰጠኝ።

«ፓምፓስ ይባላል፣ እናቴ። ለጌጥ ነው» አለኝ።

አውቶቡስ ውስጥ እስከ ጭሮ ድረስ ጭኔ ላይ አስቀምጬው መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ምግብ ነው?» ብትለኝ እንኳ አልፈታሁላትም።

ግቢዬ ጠባብ ናት። ከበሩ እስከ ሳሎን አሥር እርምጃ ብትሆን ነው። ከዘሀራ ጋር የሚያዋስነንን የእንጨት አጥር ተከትዬ ተከልኩት። ልብስ ያለቀለቅኩበትን ውሃ ይጠጣል፤ ሩዝ ያጠብኩበትን ውሃ ይጠጣል። የቧንቧው ውሃ በጠፋ ሳምንት ደግሞ ከራሴ ቀንሼ አጠጥቼዋለሁ።

ባለቤቴ አንድ ቀን «ለእኔም እንዲህ ብታስቢልኝ» አለ።

ባልዲዬን ይዤ ወደ ሳሩ ሄድኩ።

አደገ። አልሐምዱሊላህ፣ ከአጥሩ በላይ ሆነ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ያለነው ሐረርጌ ነው!

እዚህ አገር ሳር ማለት በሬ ማለት ነው። ሰው ሰንጋውን ደጁ ላይ አስሮ፣ የማሽላ ቅጠል ከማሳ እየለቀመ፣ በእጁ እያጎረሰ ነው የሚያደልበው። በሬውም የሚያጎርሰውን እጅ ያውቃል። እንግዳ ሲመጣ እንደ ተማረ ልጅ ይታያል። እና አንድ ሰው ያን ያህል ሳር ሳይታጨድ ቆሞ ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም።

ጎረቤቴ ዘሀራ አንዷ ናት። ቦራ የሚባል ሰንጋ አላት። የዛሬ ሁለት ሳምንት ማጭድ ይዛ መጣች።

«ሃደ ሰሚራ» አለችኝ። የሰሚራ እናት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። «ሳርሽ ደርሷል። የአንቺ እጅ ለማጭድ አልተፈጠረም፤ እኔ ልጨድልሽና ለቦራ ልውሰድለት።»

«አይታጨድም።»

«ለምን?»

«ለውበት ነው።»

ሳሩን አየች። እኔን አየች። እንደገና ሳሩን አየች።

«የማን ውበት? የእኔና የአንቺ ከሆነ እንኳ ጊዜው አልፏል!»

መሳቅ ነበረብኝ። ደግሞም ያስቃል!

እኔ ግን «ማጭድሽን ይዘሽ ውጪልኝ» አልኳት። የሃያ ዓመት ጎረቤቴን! በሩንም ዘጋሁ፤ ያውም እንዲሰማ አድርጌ።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን አጠረች። «ሰላም።» «ሰላም።» አለቀ።

እንግዲህ ወደ ዛሬ።

ልጄ ሰሚራ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። መሰላ ከተማ የሚያስተምር አንድ ወጣት አለ። ዲኑን የያዘ፣ ሰው አክባሪ። የሚፈላለጉ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ እንደማላውቅ ነው የምሆነው። ከሶላቴ በኋላ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ለዚህ ነገር ዱዓ ሳደርግ ኖሬአለሁ።

እና ዛሬ፣ ከዙሁር በኋላ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከመሰላ መጡ።

የሚመሯቸው የልጁ አጎት ናቸው፤ ሐጂ ዩሱፍ። እሳቸው «ይሁን» ካላሉ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ዶሮም አይታረድም ይባላል።

ሳሎን አለኝ። መጋረጃውን ትናንት ነው ያጠብኩት። ታዲያ ሽማግሌዎቹን የት ባስቀምጣቸው ጥሩ ነው?

ውጭ! ሳሩ ፊት ለፊት!

«ኡሚ፣ ሽማግሌ ውጭ ይቀመጣል?» አለችኝ ሰሚራ በመስኮት።

«ነፋሻ ነው» አልኳት።

ይሄኛው ውሸት አልነበረም። ነፋሻ ነበር። ግን እናንተም ታውቃላችሁ፣ አላህም ያውቃል፤ ሳሬ እንዲታይልኝ ነው።

ሐጂ ተቀመጡ። ዱዓ አደረጉ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት አወሩ። ቦርደዴ በኩል ሰው ለከብቱ መኖ ፍለጋ ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደሚመለስ ነገሩን። ከዚያ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ሳሩ ላይ ዐረፈ።

እኔ ምስጋናዬን ልቀበል ተዘጋጅቻለሁ።

«ማሻ አላህ! በዚህ ድርቅ? ወላሂ ቁም ነገረኛ ቤት ነው የመጣነው! ስንት ሰንጋ አላችሁ?»

ይኸውላችሁ፣ የእውነት በር እዚህ ጋ ክፍት ነበር። «ለውበት ነው» ብል ያልቃል። ሁለት ቃል!

ግን አሁን ስለ ቦርደዴ ሰዎች እያወሩ ነበር። እኔ ደግሞ «የለም ሐጂ፣ እያየሁት ልደሰት ውሃ የማጠጣው ነው» ልበል? ምራት ሊወስዱ ከመጡበት ቤት? ፊቴ ጋለ። ሁለት ዓመት የኮራሁበት ሳር በአንድ ጊዜ አሳፈረኝ።

«አንድ» አልኩ። «አልሐምዱሊላህ።»

አያችሁልኝ? ውሸቱ ላይ ምስጋና ጨመርኩበት! አስተግፊሩላህ!

ባለቤቴን ሳል ያዘው።

ሐጂ ወደ እሱ ዞሩ። «ደልቧል?»

«እ… እሱን እሷ ናት የምታውቀው» አለ ባለቤቴ።

ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ኖረን እንዲህ አድርጎ አሳልፎ ሰጠኝ!

«የታለ ታዲያ? ሰንጋ ያለበት ቤት ገብቼ ሳላይ ወጥቼ አላውቅም።»

«ውሃ ሊጠጣ ወጥቷል።» ሁለተኛ።

«እንጠብቀዋለን» አሉ ሐጂ። ከዘራቸውን አስደግፈው ተመቻቹ።

የመጡበትን ጉዳይ ትተው የእኔን በሬ መጠበቅ ጀመሩ! የሌለ በሬ!

በጓዳ በር ወጣሁ። የት ልሂድ? አንድ ሰው ብቻ ነው ያለኝ።

«ዘሀራ፣ እህቴ…»

«ዛሬ እህት ሆንኩ?»

«ቦራን ለአሥር ደቂቃ ስጪኝ።»

«በሬ ለአሥር ደቂቃ! ምን ልታደርጊው? ሴልፊ ልትነሺበት?»

ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ሳቋ መጣ። ግድግዳውን ደገፍ አለች፣ ከዚያ ቁጭ አለች፣ ከዚያ ጉልበቷን መምታት ጀመረች።

«ውበቱን አታጎርሻቸውም ታዲያ?»

«ዘሀራ፣ በአላህ ይዤሻለሁ። ሰሚራ መስኮቱ ላይ ናት።»

ሳቋን አቆመች። ሰሚራን ጡት ካስጣልኩበት ቀን ጀምሮ ቀን ቀን የምትይዝልኝ እሷ ነበረች።

«ለሰሚራ ብዬ ነው» አለች ገመዱን እየፈታች። «ለአንቺማ ጭራውንም አላበድርሽ። ግን አብሬሽ ልምጣ፤ ቦራ ለሌላ ሰው አይታዘዝም።»

«አንቺ ከመጣሽ ይነቃብኛል!»

«እሺ፣ ጎትቺው እንግዲህ።»

በሕይወቴ በሬ ይዤ አላውቅም። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር።

ቦራ አየኝ። ቢሮ ውስጥ ያለ ወረፋ የገባ ባለጉዳይ ሲታይ አይታችኋል? እንደዚያ አየኝ።

እኔ ከፊት እየጎተትኩ፣ ዘሀራ ከኋላ እየገፋች እስከ በራችን ደረስን። እሷ ተመለሰች። እኔ ቢስሚላህ ብዬ ገባሁ። በውሸት መንገድ ላይ ቢስሚላህ!

ሦስቱም ሽማግሌዎች ተነሡ። እኔ ስገባ አልተነሡም ነበር።

ሐጂ ሻኛውን ዳሰሱ። ጎኑን መታ መታ አደረጉ። «ማሻ አላህ። ይህ ጥሩ እጅ ያገኘ በሬ ነው። ስሙ ማነው?»

«ቦራ።» እሰይ፣ አንድ እውነት!

«እስቲ አጉርሺውና ልየው።»

እ?

«አጉርሺው። ከእጅሽ ሲበላ ልየው።»

ወደ ሳሬ ሄድኩ። ሌላ የት ይኬዳል? ቅጠሉን ስይዘው ጣቴን እንደ ምላጭ ቆረጠኝ። ስለዚህ አገዳውን ከነላባው ሰበርኩት። የሁለት ዓመት ድካሜን በገዛ እጄ!

ቦራ አፍንጫ ሥር አቀረብኩት።

አሸተተው።

ደግሞ አሸተተው።

ከዚያ «እፍፍፍፍ!» አለ።

ያ ሁሉ ነጭ ላባ ተነሣ! ተነሥቶም የት ዐረፈ? የሐጂ ጢም ላይ። ኮፍያቸው ላይ። ትከሻቸው ላይ። ሰውየው የተባዘተ ጥጥ መሰሉ።

አነጠሱ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

«የርሐሙከላህ» አልኩ።

አነጠሱ። «አልሐምዱሊላህ።»

«የርሐሙከላህ።»

ሦስተኛም አነጠሱ። እኔ መልስ አላጓደልኩም። ውሸታም ብሆንም ሥርዓት አለኝ።

«አይበላም እንዴ?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ጠግቧል።» ሦስተኛ!

ይሄኔ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሳል ተሰማ።

ዘሀራ! ለካስ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ በቀዳዳ እያየች ነው። ላባው እሷም ጋ ደርሷል።

አንዲት ሳል ብቻ ናት። ቦራ ግን ጆሮውን አቆመ። አወቃት።

ሄደ። በበሩ እንዳይመስላችሁ! ቀጥታ፣ በሳሬ መሐል!

ገመዱን አልለቀቅኩም። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። እሱን ከለቀቅኩ ውሸቴም የሚለቀቅ መሰለኝ። በአንድ እጄ ሂጃቤን፣ በአንድ እጄ ገመዱን ይዤ፣ በልጄ ሽማግሌዎች ፊት፣ በገዛ ሳሬ ላይ ተጎተትኩ። አንድ ጫማዬ መሐል ግቢ ቀረ።

ቦራ ሳሩን ረግጦ አጥሩ ጋ ደረሰ። አንገቱን አሻገረ። ዘሀራ ደግሞ፣ ልማድ ሆኖባት፣ ብድግ ብላ እጇን ዘረጋችለት።

«ኮቱ ቦራ፣ ኮቱ ልጄ፣ ና» አለችው። የማሽላ ቅጠል አጎረሰችው። ተደላድሎ በላ።

ከዚያ ቀና ስትል አየችን።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለች።

«ወዐለይኩሙ ሰላም» አሉ ሦስቱም።

መስኮቱን አየሁ። ሰሚራ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

ሐጂ ላባውን ከጢማቸው ላይ አንድ በአንድ ለቀሙ። አልቸኮሉም።

«ሃደ ሰሚራ» አሉ። «በሬው ባለቤቱን አገኘ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ልጅቷስ የእናንተ ናት? ወይስ እሷንም ከጎረቤት ነው ያመጣችኋት?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ፈነዱ። ባለቤቴም ሳቀ፤ አልረሳለትም።

ሐጂ ግን አልሳቁም። ያን ጊዜ ነው ልቤ የወረደው።

በአንድ እግሬ ጫማ፣ በአንድ እግሬ ባዶ ሆኜ ተናገርኩ።

«በሬው የዘሀራ ነው። እኛ በሬ የለንም። ሳሩ ለውበት ነው። ላየው ብዬ ነው የተከልኩት። እሱን መናገር አሳፈረኝና ዋሸሁ። አላህ ይማረኝ፤ እናንተም ማሩኝ።»

«ልታዪው ብቻ?»

«ላየው ብቻ።»

«ውሃ እያጠጣሽ?»

«እያጠጣሁ።»

ሐጂ የተረፈውን ሳር ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ።

«እንመካከርበት። ትንሽ ጊዜ ስጡን» አሉን።

ልብ በሉልኝ! ይህ የእኛ ቃል ነው! «እንመካከርበት፣ ጊዜ ስጡን» የሚለው የሴት ልጅ ወላጅ ነው እንጂ ጠያቂ አይደለም። ገና ሳይጠይቁን ቃላችንን ቀሙን!

በሩ ጋ ሄደው ተጠጋግተው ማውራት ጀመሩ። እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ በልቤ አልኩ። የአንድ ዓመት ልመናዬን በአንድ ቀትር በገዛ ምላሴ ላጠፋው ነው። ለሳር! ልጄ ምን ትለኛለች? ባለቤቴ አጠገቤ መጥቶ ቆመ፤ ከትከሻዬ ላይ ላባ ያነሣልኝ ጀመር። አልሐምዱሊላህ፣ ቢያንስ አሁን ዝም ማለት እንዳለበት ገብቶታል።

ተመለሱ።

«የውሸቱ ነገር ከብዶናል» አሉ ሐጂ። «ዘመድ ልንሆን ነው የመጣነው። ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም የሚል ዘመድ ነው የምንፈልገው። እና አንድ ነገር ንገሪን።»

«ምን ልንገርዎት?»

«የልጅሽን ጉድለት። አንድ ብቻ፤ ግን የእውነት ጉድለት ይሁን። እሱን ከነገርሽን የቀረውን እናምንሻለን።»

ያ አላህ! እናት፣ በሽማግሌ ፊት፣ የልጇን ጉድለት!

አስቡት እስቲ። «ጨው ታበዛለች» ብል ማታለሌ ይታወቃል። ትልቁን ብናገር ጋብቻው ይቀራል። መስኮቱን አየሁ። ሰሚራ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ነው። «ኡሚ፣ እንዳትናገሪ!» ማለቷ ነው።

«ስትቀየም ሦስት ቀን አትናገርም» አልኩ። «አትጮህም፣ አትሳደብም። ዝም ነው። ግድግዳ ነው የምትሆነው። አብሯት ለሚኖር ከባድ ነው።»

መስኮቱ ተዘጋ።

«በእናቷ ወጥታ ነው!» አለ ባለቤቴ።

አመለጠው። አፉን በእጁ ያዘ።

ሐጂ ዩሱፍ ሳቁ! ላባው ከኮፍያቸው ላይ እስኪረግፍ ሳቁ። ተቀመጡ።

«የእኛ ልጅ ደግሞ ወሬ ከጀመረ አያባራም። ሦስት ቀን ዝም የምትለው ካገኘ ለመሰላ ሕዝብ ሁሉ እፎይታ ነው! በሉ፣ ወደ መጣንበት እንግባ።»

በሥርዓቱ ጠየቁ። ባለቤቴ ደረቱን ነፍቶ «እንመካከርበት፣ ጊዜ ስጡን» አለ።

«እኛ ተመካክረንላችኋል!» አሉ ሐጂ።

የኒካህ ቀን ተቆረጠ። አልሐምዱሊላህ። ሺህ ጊዜ አልሐምዱሊላህ። ይህ ሁሉ ለእኔ አይገባኝም ነበር።

ሐጂ ሲወጡ ከተረገጠው ሳር አንድ አገዳ ጎንበስ ብለው አነሡ። «ለባለቤቴ ላሳያት» አሉ። የተሳፈሩበት ባጃጅ ሲሄድ ነጩ ላባ በጎን ወጥቶ ሲውለበለብ ሰፈሩ ሁሉ አየ።

ዘሀራን በአጥሩ ላይ ይቅርታ ጠየቅኳት። «እኔ ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝ። «ቦራ ግን ገና እያሰበበት ነው።»

ሰሚራስ አትሉም?

ሽማግሌዎቹ ከወጡ ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም። ክፍሏ ውስጥ ናት። ለሐጂ የነገርኳቸው እውነት መሆኑን በተግባር እያረጋገጠችልኝ ነው። እራቷን በሯ ላይ አስቀመጥኩላት። ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ፤ አልሐምዱሊላህ፣ በልታለች። ግን ሳህኑም በዝምታ ነው የተመለሰው!

ልጄ ሙሽራ ልትሆን ነው። ከዚህ በኋላ በዚህ ቤት የቀሯት ቀናት ጥቂት ናቸው። ሦስቱን በዝምታ ላሳልፋቸው አልፈልግም።

እና ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ ኮሜንት ላይ ምከሩኝ። እኔ ስቀየም ዝም ማለትን እንጂ መጀመሪያ ተናግሮ መታረቅን አላውቅበትም። እሷንም ያስተማርኳት ይህንኑ ነው።

በሯ ላይ ቆሜያለሁ። አንኳኩቼ ምን ልበላት?